የአዲስ ስፖንጅ ፍራሽ ሽታ በድሬዳዋ ሙቀት

ጥያቄ፦ የምኖረው ከዚራ ነው። ለልጄ የገዛሁት የስፖንጅ ፍራሽ ሳምንት ቢሞላውም፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሽታው ራስ ያሳምማል። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ 1፦ ስፖንጁ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከተባለ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ ውስጡ የቀሩት ተናኝ ኬሚካሎች ሙቀት ሲያገኙ ፈጥነው ይወጣሉ። ላስቲኩን ገፍፈው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ያቁሙት፤ ፀሐይ ግን ስፖንጁን ያፈረካክሰዋል። ሽታው እስኪጠፋ ልጁ ሌላ ቦታ ይተኛ።

መልስ 2፦ ሽታ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። እሳት እንዲከላከል በስፖንጅ ይጨመር የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2009 ቶሎ የማይበሰብሱ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገድ የተወሰነው ፔንታብሮሞዳይፌኒል ኤተር የተባለ ኬሚካል፣ ሳይሸት ከቤት አቧራ ጋር ይቀላቀላል። አሮጌ ስፖንጅ ይህ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከአሮጌ ስፖንጅ ቁርጥራጭ ተጣብቆ የተሠራውን ፍራሽ ባይገዙ እመርጣለሁ።

መልስ 3፦ እኔ ወደ ጥጥ ፍራሽ ተመልሻለሁ፤ ለማንሳት ቢከብድም (ወገቤ ምስክር ነው)፣ ጥጡ ሲጠጥር ተፈትቶ እንደገና ይነደፋል።