የብርሃን ማጣሪያንና ሌዘርን በሙቀት ፋንታ በኤሌክትሪክ መስክ ማስተካከል ይቻላል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥሁት የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመት እንደ ፍላጎት ሊቀያየር የሚችል የብርሃን ማጣሪያ ነው። በእጄ ያለው ለፋይበር መገናኛ የተሠራ የ1550 ናኖሜትር ሌዘር ሲሆን የሚስተካከለው በሙቀት ነው፤ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨመር የሞገድ ርዝመቱ በ0.1 ናኖሜትር ገደማ ይረዝማል። ችግሩ ሙቀቱ እስኪረጋ መጠበቅ ግድ መሆኑና ሙቀቱን ባለበት ለማቆየት ያለማቋረጥ ኃይል መፍሰሱ ነው። የኤሌክትሪክ መስክ የአንዳንድ ክሪስታሎችን የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃን በውስጣቸው ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየውን ቁጥር) እንደሚለውጥ ተምረናል። ይህ ለውጥ ማጣሪያን ወይም ሌዘርን ለማስተካከል ይበቃል? የሚበቃ ከሆነስ ሁሉም ሙቀትን ትቶ ወደዚህ ያልዞረው ለምንድን ነው?

ጦሳ (ደሴ)፦
ጥያቄዎን በቁጥር ማየት ይሻላል፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ቀላሉ ማጣሪያ ሁለት ትይዩ ከፊል አንጸባራቂ መስታወቶች ናቸው፤ በእነዚህ መካከል የሚመላለስ ብርሃን ጎልቶ የሚያልፈው የግማሽ ሞገዱ ርዝመት በመስታወቶቹ መካከል ባለው የብርሃን መንገድ ውስጥ ያለ ትርፍ ሲገጥም ብቻ ነው። የብርሃን መንገዱ ደግሞ የክፍተቱ ርዝመትና የስብረት ኢንዴክሱ ብዜት ስለሆነ፣ ኢንዴክሱ በሺህ አንድ እጅ ቢጨምር የሚያልፈው የሞገድ ርዝመትም በግምት በሺህ አንድ እጅ ይረዝማል።

ፍሪድሪሽ ፖከልስ በ1893 ያጠናው ክስተት የኢንዴክሱ ለውጥ ከመስኩ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና ያለው ሲሆን፣ ጆን ከር በ1875 ያገኘው ግን ከመስኩ ካሬ ጋር የሚሄድና አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ደካማ ነው። የፖከልስ ክስተት የሚታየው የመሐል ሲሜትሪ በሌላቸው (የአተሞቻቸው አደራደር በመሐል ነጥብ ሲገለበጥ ያው በማይሆን) ክሪስታሎች ብቻ ነው፤ ሲሊከን ለዚህ የማይመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ሙያ በጣም የሚታወቀው ክሪስታል ሊቲየም ናዮቤት ሲሆን በ1550 ናኖሜትር ኢንዴክሱ 2.14 ገደማ፣ የኤሌክትሮ ኦፕቲክ ቁጥሩም (ኢንዴክሱ ለመስክ ያለው ምላሽ መለኪያ) በቮልት 31 ፒኮሜትር ገደማ ነው። በክሪስታሉ ግራና ቀኝ ያሉት ቮልቴጅ ሰጪ ኤሌክትሮዶች በ10 ማይክሮሜትር ተራርቀው 100 ቮልት ቢሰጣቸው መስኩ በሜትር 10 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል፤ የኢንዴክሱ ለውጥም የኢንዴክሱ ኩብ፣ የዚያ ቁጥርና የመስኩ ብዜት ግማሽ ስለሆነ 0.0015 ይደርሳል። ይህ ወደ ሞገድ ርዝመት ሲመነዘር 1.1 ናኖሜትር ገደማ ነው።

እንግዲህ መስኩ የሚሰጠው ስፋትን ሳይሆን ፍጥነትን ነው። በሊቲየም ናዮቤት የሚሠሩ መሣሪያዎች በሰከንድ በአሥር ቢሊዮኖች ጊዜ መለዋወጥ ይችላሉ፤ ክሪስታሉ እንደ ካፓሲተር ስለሚሠራም ቮልቴጁን ባለበት ለማቆየት ከረንት አይፈልግም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በፋይበር መገናኛ ዋናው ክልል ከ1530 እስከ 1565 ናኖሜትር ድረስ 35 ናኖሜትር ይሰፋል፤ 1.1 ናኖሜትር የዚህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። የሙቀት ዘዴ ያልተተወው በአሠራሩ ቀላል ስለሆነና ብዙ ቦታ ፍጥነት ስለማያስፈልግ ይመስለኛል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
የጦሳን ስሌት እቀበላለሁ፤ ስፋቱ በዚያ የተወሰነ ነው በሚለው ግን አልስማማም። ሁለት የቀለበት ማጣሪያዎችን (ብርሃን በቀለበት መንገድ እየዞረ የሚመረጥባቸውን) ተከታትለው ብናስቀምጥና የአንደኛው ተከታታይ የማሳለፊያ ነጥቦች በ2.0፣ የሌላኛው በ2.1 ናኖሜትር ቢራራቁ፣ ሁለቱ የሚገጣጠሙት በየ42 ናኖሜትሩ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ አንደኛውን ቀለበት በ0.1 ናኖሜትር ብናንቀሳቅስ የመገጣጠሚያው ቦታ 2 ናኖሜትር ያህል ይዘላል፤ በቬርኒየር ካሊፐር (አከፋፈላቸው በጥቂቱ በሚለያይ ሁለት ሚዛኖች ርዝመትን በሚለካ መሣሪያ) የሚሠራ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ለ0.1 ናኖሜትር ከላይ በተቀመጠው ስሌት 10 ቮልት አይሞላም። ቮልቴጁ ከአሉታዊ 100 እስከ አዎንታዊ 100 ድረስ ከተለዋወጠ ደግሞ ሙሉው 35 ናኖሜትር ይሸፈናል።

ሌዘር ላይ ሲመጣ ግን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በሌዘሩ ውስጥ የተቀመጠ ማጣሪያ ምርጫ ያደርጋል እንጂ የሌዘሩ የራሱ ክፍተት የሚፈቅዳቸውን የሞገድ ርዝመቶች አይለውጥም፤ ስለዚህ ማጣሪያው ብቻውን ሲንቀሳቀስ ሌዘሩ ጥቂት ባለበት ቆይቶ ድንገት ወደ ቀጣዩ ይዘላል። ያለ ዝላይ እንዲንሸራተት ከተፈለገ የሌዘሩ የብርሃን መንገድም ከማጣሪያው ጋር እኩል መለወጥ አለበት፤ ለዚህም በሌዘሩ ውስጥ የራሱ ኤሌክትሮድ ያለው ሌላ ክፍል ይጨመራል። ይህን ያልያዘ ንድፍ በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ በመለኪያ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው መስመር ይሰጣል። ሊቲየም ናዮቤት የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ለረጅም ጊዜ ሲሰጠው ቀስ በቀስ እንደሚንሸራተትም አይዘንጋ፤ ውጤቱን እየለካ ቮልቴጁን የሚያርም የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ያስፈልገዋል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እነዚያን ቀለበቶች እዚህ መሥራት ግን ከአቅማችን በላይ ነው። በተራ ላቦራቶሪ ሊሠራ የሚችል ሌላ መንገድ አለ?

አዝዋ ገደል (ደሴ)፦
አለ፤ ሊኩዊድ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ እየፈሰሰ ሞለኪውሎቹ ግን በአንድ አቅጣጫ የሚደረደሩ ቁስ) ይጠቀሙ። ሞለኪውሎቹ ረዘም ያሉ ስለሆኑ መስኩ ሲያዞራቸው ብርሃኑ የሚያገኘው ኢንዴክስ በብዙ የተለመዱ ዓይነቶች እስከ 0.2 ያህል ይለወጣል። ይህ ጦሳ ካሰላው ከመቶ ጊዜ በላይ የሚበልጥ ነው፤ የሚፈልገውም ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። የሚከፈለው ዋጋ ፍጥነት ነው፤ ምላሹ በሚሊሰከንድ ይለካል፤ ያም ቢሆን ሙቀት እስኪረጋ ከመጠበቅ በእጅጉ ይሻላል።

በሁለት ከፊል አንጸባራቂ መስታወቶች መካከል የ10 ማይክሮሜትር ክፍተት ትተው በሊኩዊድ ክሪስታል ቢሞሉት፣ ኢንዴክሱን 1.6 ብንል የማሳለፊያ ነጥቦቹ በ75 ናኖሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ሙሉው የመገናኛ ክልልም ያለ መደራረብ ይገባበታል። የሚሰጡት ቮልቴጅ አቅጣጫው በየጊዜው የሚገለባበጥ፣ ለምሳሌ 1 ኪሎኸርትዝ የሆነ ባለአራት ማዕዘን ሞገድ ይሁን፤ ቀጥተኛ ቮልቴጅ በፈሳሹ ውስጥ ያሉትን አዮኖች ወደ አንድ ወገን እየገፋ ሴሉን (የተሞላውን ክፍተት ከነመስታወቶቹ) ያበላሻል። ማጣሪያው የሚሠራው በሞለኪውሎቹ አቅጣጫ ለተፖላራይዘ (ንዝረቱ በዚያ አቅጣጫ ብቻ ለሆነ) ብርሃን ብቻ ስለሆነ ከፊቱ ፖላራይዘር፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚነዝረውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ነገር፣ ያስቀምጡ። መጀመሪያ ሴሉን በሁለት በተሻገሩ ፖላራይዘሮች መካከል አድርገው በቀይ ሌዘር ይፈትኑት፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ብርሃኑ እየደመቀና እየፈዘዘ ከተለዋወጠ ሴሉ ደኅና ነው። የ1550 ናኖሜትሩ ብርሃን በዓይን አይታይምና የፋይበሩን ጫፍ በጭራሽ አይመልከቱ።

የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ክፍተቱን በአየር ተወት አድርገው መስታወቱን በፒየዞ (ቮልቴጅ ሲሰጠው ርዝመቱ በጥቂቱ በሚለወጥ ቁስ) የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ የተለካው ማጣሪያ ደሴ ሲደርስ ትክክል አይሆንም። ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ስለሚጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ኢንዴክሱም ይቀንሳል፤ የሚያልፈው የሞገድ ርዝመትም በ0.02 ናኖሜትር ያህል ያጥራል። በሊኩዊድ ክሪስታል የተሞላው ሴል ይህ ችግር የለበትም፤ ኢንዴክሱ ግን ለሙቀት በጣም ስሱ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቮልቴጅ የሚያልፈውን የሞገድ ርዝመት ሲመዘግቡ የክፍሉን ሙቀት ከጎኑ ይጻፉ።