«ሼም ያዘኝ» ወይስ «አፈርኩ»?

ጠያቂው፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ አቅራቢ የእንግዳውን ስም ተሳሳተና «ውይ፣ ሼም ያዘኝ» አለ። አማርኛ «አፈርኩ»፣ «ሀፍረት»፣ «ይሉኝታ» እያለው ከእንግሊዝኛ መበደር ምን አመጣው? እኔ በአደባባይ ባይባል ባይ ነኝ። እናንተስ?

የአራዳው ልጅ፦ ጋሼ፣ ስም የተሳሳተ ሰው «ሀፍረት ተሰማኝ» ይበል? «ሀፍረት ተከናንቦ ተመለሰ» የሚባለው እኮ ተሸንፎ የመጣ ነው። ሼም ቀለል ይላል። ሁለት ደቂቃ ይይዝሃል፣ ይለቅሃል።

መምህርቷ፦ ልጁ ግማሹን ልክ ነው። «ሀፍረት» የሚለው ስም ከባድ ነው። ከግዕዝ የመጣ ነው፤ «ሀፍረተ ሥጋ» ሲባል የሚሸፈነው ገላ ነው። ግሱ ግን ቀላል ነው። እንግዳ ሲመጣ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የሚደበቅ ሕፃን «አፍሮ ነው» ይባል የለም? ምን ሰርቆ?

ከዋሽንግተን፦ ይሉኝታን ግን ከዚህ አውጡልኝ። ሀፍረት ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው፣ ይሉኝታ ነገሩ ሳይሆን በፊት። ስሙ ራሱ «ይሉኛል» ነው። ባለፈው እራት ተጠርቼ «በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። «በሞቴ» እስክባል እየጠበቅሁ። አስተናጋጄ እዚሁ አሜሪካ ያደገች ናት፣ «እሺ» ብላ ሳህኑን አነሳችው። ሆዴ እየጮኸ ቤቴ ገባሁ። ይህን ሼም በሉት እስቲ!

የአራዳው ልጅ፦ ሃሃሃ፣ እሱማ ረሃብ ነው።

የታክሲ ደንበኛ፦ ሁለቱም በአንድ ቀን ደርሰውብኛል። ረዳቱ 5 ብር መልሴን ያዘብኝ፣ ዝም አልኩ። ከኋላዬ ያሉ እናት «አንቺ፣ መልስሽን አትቀበይም?» ብለው ሲጮሁ ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሽምቅቅ አልኩ። ዝም ያሰኘኝ ይሉኝታ፣ ያሸማቀቀኝ ሀፍረት። (ረዳቱ ሁለቴ «አሳፈረኝ» ማለት ነው። ሲጻፍ አንድ ነው፣ «ሳ»ን አጥብቃችሁና አላልታችሁ አንብቡት።)

መምህርቷ፦ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚለውን «ሼም ከያዘኝ አይመልሰኝ» በሉት። ይመልሳል!

የአራዳው ልጅ፦ ይመልስ። እናቴን «ሼም የለሽም?» ብላት ትስቃለች። «ዓይን አውጣ» ብላት ግን ከቤት ታወጣኛለች። ቀላል ቃልም ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦ እሺ፣ በቤታችሁ በሉት። ዜና ላይ «ባለሥልጣኑን ሼም ያዛቸው» ሲባል የሰማሁ ቀን ግን ጣቢያው ድረስ ነው የምደውለው።

የአራዳው ልጅ፦ ጋሼ፣ የያዛቸው ቀን ለእኛም ይደውሉልን። እሱ ራሱ ዜና ነው።