ከ50 በኋላ ስራ ፍለጋና የኮምፒውተር ነገር

ሰላም ለሁላችሁ። እድሜዬ 50ን አልፏል፣ ልጆች ሳሳድግ ከቢሮ ርቄ ቆይቼ አሁን ወደ ስራ መመለስ ፈልጌአለሁ። ድሮ ሂሳብ ክፍል ነበርኩ፣ ዎርድና ኤክሴልም በደህናው ጊዜ እነካካ ነበር። አሁን ማስታወቂያው ሁሉ "መሰረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ" ይላል፣ ምኑን ማለታቸው ነው? ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ልጆቼ ያሳዩኝ? ስልክ ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም ሃሃ

—

እህቴ እንኳን ጠየቅሽ። ትልልቅ ሰዎችን ኮምፒውተር በማስተማር በበጎ ፈቃድ ስለማግዝ የማየውን ልንገርሽ። ስልክ የቻለ ኮምፒውተር አያቅተውም ሲባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ፎቶው የት እንደተቀመጠ ሳታውቂ ትልኪዋለሽ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ፋይሉ የት ገባ የሚለው ካልገባሽ ነገሩ ሁሉ እዛው ላይ ይቆማል። ሲቪውን አሳምሮ ጽፎ ኢሜይል ላይ ማያያዝ ላይ ላብ የሚያሰምጠው ስንቱ ነው መሰለሽ፣ ዳውንሎድ ውስጥ ሲቪ፣ ሲቪ 1፣ ሲቪ 2፣ ሲቪ የመጨረሻ ተደርድሮ የትኛው አዲሱ እንደሆነ ይጠፋውና የድሮውን ልኮት ቁጭ። ስለዚህ ከምንም በፊት ለስራ ፍለጋ ብቻ አንድ ፎልደር ክፈቺ፣ ፋይሉን በስምሽና በቀኑ ሰይሚው፣ ስትልኪ ፒዲኤፍ (ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቅርጹ የማይበታተን ፋይል) አድርጊው፣ ከዛ የተላኩት ውስጥ ገብተሽ ያያያዝሽውን ራስሽ ከፍተሽ እዪው።

ድሮ ዎርድ የሚያውቅ ሰው ደሞ አዲሱን ሲከፍት ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፣ ማይክሮሶፍት በ2007ቱ ዎርድ የላዩን ሜኑ አንስቶ ሪቦን የሚባለውን፣ ማለት ከላይ በምስል የተደረደሩትን ቁልፎች፣ ስላመጣ የለመድሽው ነገር ሁሉ ቦታ ቀይሯል። ኮንትሮል ሲ (ኮፒ)፣ ኮንትሮል ቪ (ፔስት)፣ ኮንትሮል ኤስ (ሴቭ) ግን ያው ናቸው። ኮንትሮል ዚን ከሁሉም አስቀድሚ፣ የሰራሽውን ወደ ኋላ ስለሚመልስልሽ "ነክቼ አበላሸሁት ይሆን" የሚለው ፍርሃት የሚለቅሽ በሱ ነው። ታይፕራይተር የለመዱት ደሞ (ከነሱ ጋር ነው ብዙ የምስቀው) መስመር ባለቀ ቁጥር ኢንተር ይመታሉ፣ ርዕሱን መሃል ለማድረግ በስፔስ እየገፉ ይወስዱታል፣ እነሱ ስክሪን ላይ ያማረው ቀጣሪው ጋ ሲከፈት ተበታትኖ ነው።

ኤክሴል አንቺን አያስፈራሽም፣ ሂሳቡን ታውቂዋለሽ። መደመር፣ ሶርት (በተርታ መደርደር) እና ፊልተር (የፈለግሽውን ብቻ ለይቶ ማሳየት) ይዘሽ ጀምሪ። በቁጥሩ ቦታ #### ካየሽ ሂሳቡ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ኮለሙ (ቁጥሩ ያለበት ዓምድ) ጠቦ ነው፣ ሳብ አድርጊው። ይልቅ ቁጥሩ ራሱ ወደ ግራ ተጠግቶ ከተቀመጠ ጠርጥሪ፣ እንደ ጽሁፍ ቆጥሮት ሊሆን ይችላልና በSUM ስትደምሪ ድምሩ ውስጥ አይገባልሽም። ቀንም እንደዛው፣ 3/4 አንዱ ቦታ ማርች 4 ሌላው ቦታ ኤፕሪል 3 ነው።

ልጆቼ ያሳዩኝ ላልሽው፣ ልጆች ማውሱን ነጥቀው ቸክ ቸክ ያደርጉና "ይኸው አለቀ" ነው የሚሉሽ፣ ስራው አለቀ አንቺ ግን ምንም አልተማርሽም። ያሳዩሽ፣ ማውሱ ግን ካንቺ እጅ አይውጣ።

—

እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኢሜይል ስትከፍቺ የልጅሽን ስልክ ቁጥር እንዳትሰጪ! በኋላ ለመግባት ኮድ ሲላክ እሱ ስልክ ላይ ይገባል፣ እሱ ስራ ላይ ነው አያነሳም፣ አንቺ ማመልከቻው ፊት ተገትረሽ ትቀሪያለሽ። ፓስወርድ ደብተር ላይ አትጻፉ ይባላል፣ እኔ ግን ቤት ውስጥ የተቀመጠ ደብተር አንድ ፓስወርድ ለሁሉም ቦታ ከመጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ። የኦንላይን ፎርም ደሞ ብዙ ከቆየሽበት ይዘጋብሽና የጻፍሽውን ሁሉ ውሃ ይበላዋል፣ ረዥም መልሶችን መጀመሪያ ዎርድ ላይ ጽፈሽ ኮፒ ፔስት አድርጊ። ሲቪሽም ያጌጠ አይሁን፣ ብዙ ድርጅት መጀመሪያ በሶፍትዌር ስለሚያስነብበው ሁለት ኮለምና ሳጥን ያለበትን አንዳንዱ አደባልቆ ነው የሚያነበው።

—

ኮርሱንም አትናቂው እህቴ። ሰርተፍኬቱን ትቼ ነው፣ እንዳንቺ የሚጀምሩ ሰዎች መሃል ስትቀመጪ ሃፍረቱ ይቀላል። ከመመዝገብሽ በፊት ግን ለየሰው አንድ ኮምፒውተር አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ቁጭ ብሎ ፕሮጀክተር ማየት ትምህርት አይደለም። ቤት ሆነሽ ለመለማመድ ጂሲኤፍ ግሎባል የሚባለው ድረገጽ በነጻ ነው፣ ከማውስ አያያዝ እስከ ኤክሴል አለው። ጽሁፉ ካነሰብሽ ድረገጽ ላይ ኮንትሮልን ይዘሽ የመደመር ምልክቷን ተጫኚ፣ ያድጋል። ከሁሉ በላይ ግን ተጠንቀቂ፣ ኢንተርቪው ሳያደርግ በቴሌግራም ቀጠርኩሽ የሚል፣ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሺልኝ የሚል፣ ጊፍት ካርድ ግዢ የሚል ሌባ ነው፣ መልስ እንኳ አትስጪው።

—

ሁላችሁም ተባረኩ፣ የልጆቹን ነገር ልክ ቤቴ ገብታችሁ ያያችሁ ነው የምትመስሉት። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ለመለማመጃ ያገለገለ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ታብሌቱ ይበቃኛል?

—

ታብሌት አይሆንሽም፣ ቢሮ የሚጠብቅሽ ኪቦርድና ማውስ ነው። ያገለገለ ይበቃል፣ ብቻ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑን ሻጩን ጠይቂው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 2025 ላይ ስላበቃ አሁን በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ በዛ ምክንያት የተጣሉ ናቸው። ኪቦርዱንም ሳትገዢ ጻፊበት፣ ኤፍና ጄ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች በጣትሽ የሚዳሰሱ ይሁኑ፣ ሳታዪ መጻፍ ስትለምጂ ጣትሽን የምታሳርፊው እነሱ ላይ ነው።