እግሬን የሚያሰምጠኝ ፊኑ ነው?

ባሕርዳሬ፦ ሰላም ናችሁ? ኤላት (እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር) ላይ የመጀመሪያውን የስኩባ (የአየር ታንክ ተሸክሞ የመጥለቅ) ኮርስ ጨረስኩና ፊን፣ ማለትም እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ፣ ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ «ከባድ ጎማ ነው የሚሻለው» አለኝ፤ ገዛሁ። አሁን እግሬ ቁልቁል ይጎትተኛል። ጉልበቴ መሬት እየነካ አሸዋውን አቦነዋለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ምንም አያይም። የለበስኩት 3 ሚሊሜትር ዌትሱት (ውኃ የሚያስገባ የመጥለቂያ ልብስ) ነው፤ ለመስመጥ ወገቤ ላይ 8 ኪሎ የእርሳስ ክብደት አስሬያለሁ። ፊኑን ልቀይረው?

ሰማያዊ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ብርህን አታባክን። እኔ የምጠረጥረው እርሳሱን ነው። ሲበዛብህ ለማካካስ ጃኬቱን (አየር የሚሞላውን የመንሳፈፊያ ሰደርያ) ትነፋለህ። አየሩ ደረትህን ወደ ላይ፣ እርሳሱ ወገብህን ወደ ታች! እግርህ ሌላ የት ይሂድ?

እርሳሱ ልክ መሆኑን ለማየት፣ ታንኩ 50 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲቀረው ጃኬቱን ባዶ አድርግና ውኃው ላይ ቀጥ በል። ልክ ከሆነ፣ እንደወትሮህ አየር ስበህ ስትይዘው ውኃው ዓይንህ ጋ ይሆናል፣ ስታስወጣው ቀስ ብለህ ትሰምጣለህ። ታንክ ሙሉ ሳለ አትሞክረው፤ የታንኩ አየር ራሱ ከ2 ኪሎ በላይ ነው።

ደግሞ ቀይ ባሕር ጨዋማ ነው፤ በሊትር 40 ግራም ገደማ፤ ስለዚህ ይበልጥ ያንሳፍፍሃል። ጨው የሌለበት ጣና ብትገባ ግን ከእርሳሱ 3 ኪሎ ያህል ትቀንሳለህ።

የኖርዌይዋ፦ ሻጩ ለኔ ቢሆን ልክ ነበር። እዚህ በብርዱ የምንለብሰው ደረቅ ልብስ (ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ አየር ያለው) ነው፤ አየሩ ወደ ጫማው ይሄድና እግሬ ሽቅብ ይነሳል። ከባድ ጎማ ነው ያዳነኝ። በስስ ዌትሱት ግን ቀላሉ ይሻልሃል።

ዋናተኛው፦ ሱቅ ውስጥ በእጅ አንስቶ መመዘን ዋጋ የለውም። የሻንጣ ሚዛን ላይ አንጠልጥለህ ውኃ ውስጥ ንከረው። ቁርጭምጭሚትህ የሚሸከመው ያኔ የሚታየውን ቁጥር ነው።

ባሕርዳሬ፦ ሞከርኩት! 2 ኪሎ ቀነስኩ፣ 2 ኪሎ ደግሞ ከወገቤ ወደ ታንኩ ማሰሪያ አወጣሁ። ጉልበቴ አሸዋ መንካት አቆመ። እግሬ ግን ትንሽ ይወርዳል። ፊኑ በውኃ ውስጥ አንዱ 700 ግራም ነው የመዘነው።

ሰማያዊ፦ እንግዲህ አሁን ነው ፊን የሚቀየረው። የማይሰምጥ የማይንሳፈፍ ፕላስቲክ ፈልግ፤ ቡቲህን (የመጥለቂያ ጫማህን) አድርገህ ለካ። ተረከዝህ ከላላ ቁርጠት ይይዝሃል።

የኖርዌይዋ፦ የድሮው ፊንህ ቁጥር ስንት ነው ግን? በደረቅ ልብሴ ጫማ ላይ ከገባልኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳትሸጠው።