ባለ 9 ሚሊ ሽጉጤ ጫፈ ክፍት ጥይት ይነክሳል፤ ምን ልቀይር?

ሰላም። ቨርጂኒያ ነኝ፤ ሽጉጡ ለቤት ጥበቃ የሚቀመጥ 9 በ19 ነው፣ የአፈሙዙ ርዝመት 3 ኢንች። ሙሉ ሽፋን ያለው 115 ግሬይን (የእርሳሱ ክብደት መለኪያ) ጥይት 200 ተተኩሶ አንዴም አልነከሰም፤ ማለትም ሳይጎርስ አልቆመም። ጫፈ ክፍቱ (ጫፉ ጎድጎድ ያለ፣ ሲመታ የሚሰፋው) 147 ግሬይን ግን ከ50ው 4 ጊዜ ነከሰ፤ ሰፊው ጫፍ ማጉረሻው አፍ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ካዝና ተቀይሯል፣ ተወልውሏል፣ ለውጥ የለም። እርሳሳቸው ወደ ቀለሁ የገባባቸውን 4ቱን ጥያለሁ፤ ግፊት ይጨምራሉና።

ወደ ሙሉ ሽፋን መመለስ አልፈልግም፤ ዒላማውን በስቶ ያልፋል፣ ጎረቤት አለ። (ጫፈ ክፍቱም ቢሆን ከሳተ ስስ የቤት ግድግዳ ይበሳል።) ወደ .40 (ከ9 ሚሊ የሚተልቅ ጥይት) መሄድም ለትንሽ ሽጉጥ እርግጫ መጨመር ነው።

ጫፉ ክብ ያለ 124 ግሬይን ጫፈ ክፍት ይሻላል ወይስ ጥፋቱ የስፕሪንጉ ነው? ስንት ሳይነክስ ቢተኮስ ይታመናል?