የለንደን የኪራይ ብስክሌት፦ በስሌቱ የሴቶቹ ጥቅም ለምን ጠፋ?

የዋተርሉዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን የሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኪራይ ብስክሌት በከተማ ሰው ጤና ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የሚያሰላ ሞዴል በኤክሴል እየሠራሁ ነው። መነሻዬ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የለንደኑ ጥናት ነው። የአንድ ዓመት 7.4 ሚሊዮን ጉዞ ይዞ ነው የሚያሰላው። መለኪያው ዳሊ ይባላል፤ በሕመምና ያለ ዕድሜ በሞት የምናጣው የጤና ዓመት ማለት ነው።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። በኪራይ ብስክሌቶቹ ላይ የደረሰውን አደጋ ብቻ ስንወስድ፣ ወንዶቹ በድምሩ 72፣ ሴቶቹ 15 የጤና ዓመት ያተርፋሉ። በማዕከላዊ ለንደን ብስክሌተኛ በሙሉ የሚደርስበትን የአደጋ መጠን ስናስገባ ግን ወንዶቹ 49 ላይ ሲቆሙ ሴቶቹ 1 ብቻ ይቀራቸዋል። እሷም 1 አስተማማኝ አይደለችም፤ የግምቱ ጠርዝ ኪሳራ ውስጥ ይገባል። የኔም ኤክሴል ወደዚያው እየወሰደኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀመሩን ስፈትሽ ከረምኩ።

ለኔ ነገሩ የወረቀት ብቻ አይደለም። 27 ዓመቴ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዋተርሉ ብስክሌት አንስቼ ድልድዩን ተሻግሬ ነው የምሄደው። ባለፈው ኅዳር መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ የግንባታ አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ጎኔ መጥቶ ቆመ። መብራቱ ሲለቅ ወደ ግራ ታጠፈብኝ። ሾፌሩ ጭራሽ አላየኝም። ብስክሌቱን ጥዬ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘለልኩ። እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። እና የትኛውን የአደጋ ቁጥር ልያዝ?

ቁጥር ወዳድ፦
እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። ቀመርሽን አትነካኪው፣ ልክ ነው።

ዕድሜውን ተመልከቺ። ብስክሌት ብዙውን ጥቅም የሚሰጠው እንደ ልብ በሽታ ያሉትን በመቀነስ ነው። የ25 ዓመት ሴት በልብ በሽታ የመሞት ዕድሏ ድሮም ኢምንት ነው። ከኢምንት ላይ ምን ይቀነሳል? እሷ ግን በአደጋ ብትሞት ስሌቱ 60 ዓመት ገደማ በአንዴ ይመዘግባል። በዚያ ላይ በማዕከላዊ ለንደን ሴት ብስክሌተኞች በመኪና አደጋ የሚሞቱበት መጠን ከወንዶቹ ከፍ ያለ ነበር። አንቺ ያየሽው ዓይነት የከባድ መኪና ግራ መታጠፍ ስንቶችን ቀጥፏል።

ስለ ቁጥሩ፣ ሁለቱንም አስገቢ። ብስክሌቶቹ ሥራ የጀመሩት ሐምሌ 2010 ነው። በእነሱ ላይ የመጀመሪያው ሞት የደረሰው ሐምሌ 2013፣ ኦልድጌት አካባቢ ነው፤ ገጪው ከባድ መኪና ነበር። ጥናቱ የያዘው ዓመት ደግሞ ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ በእነሱ ላይ የደረሰው ሞት ዜሮ ነው። ግን ሞት ብርቅ ነገር ነው። በአንድ ዓመት ዜሮ ስላየን መንገዱ ሰው አይገድልም ማለት አይቻልም።

ጎማና ሰንሰለት፦
የባርሴሎናውንስ ምን ትሉታላችሁ? በ2011 የወጣው፣ ቢሲንግ በሚባለው የከተማዋ የኪራይ ብስክሌት ላይ የተደረገ ጥናት ወደ 182 ሺህ በሚጠጉ ተመዝጋቢዎች ላይ ተሠርቶ፣ በዓመት 12 ያህል ሰው ከሞት ይተርፋል ብሏል። በአደጋ የሚጨመረው 0.03 ሞት፣ በተበከለ አየር 0.13 ሞት ብቻ! የለንደኑ ትርፍ ለምን እንዲህ አነሰ?

ቁጥር ወዳድ፦
ባርሴሎና ብስክሌተኛውን ያነጻጸረችው ከመኪና ነጂ ጋር ስለሆነ ነዋ። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብስክሌት ሲይዝ እንቅስቃሴው ከዜሮ ነው የሚነሳው። ለንደን ላይ ግን ከጉዞዎቹ 31 በመቶው በእግር ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ 47 በመቶው በሕዝብ ትራንስፖርት። እግረኛ ብስክሌት ላይ ሲወጣ የሚያገኘው ልዩነቱን ብቻ ነው፣ ያውም ቶሎ ስለሚደርስ ባጠረ ደቂቃ። እኔ ሞዴል ስገመግም መጀመሪያ የማየው ሰዉ ድሮ በምን ይሄድ እንደነበር የምታሳየውን ሠንጠረዥ ነው። እሷ ከተሳሳተች ሌላው ሁሉ ገደል ገባ።

የጣና ዳር ልጅ፦
እኔ ባህር ዳር ነኝ። እዚህ ብስክሌት የማይነዳ የለም ማለት ይቻላል፤ መንገዱ ሜዳ ነው። የኪራይ ብስክሌት ቢመጣ የሚተካው እግርንና ባጃጅን ነው። የለንደንን 31 እና 47 ገልብጦ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው እንዳይመጣብን ከአሁኑ እለምናለሁ። ቆማችሁ ሰዉን ጠይቁ፦ «ይህ ባይኖር በምን ትሄድ ነበር?»

የዋተርሉዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የኤክሴል ስሌቴን በዕድሜ ከፋፍዬ እንደገና አስላሁት። ከ15 እስከ 29 ያለው፣ እኔ ያለሁበት፣ ዜሮ አካባቢ ይዋዥቃል። ከ45 በላይ ያለው ግን በየትኛውም የአደጋ ቁጥር ትርፉ ከጉዳቱ በብዙ ይበልጣል። የጥናቱም ውጤት ወደዚሁ ነው። አማካሪዬ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን እንዳቀርብ ተስማምተዋል።

እናቴ 56 ዓመቷ ነው፣ አብረን ነው የምንኖረው። ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ቁጥሩን ሳሳያት «ከመኪና ራቅ ያለ ቦታ ካለ እሞክራለሁ» አለችኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሃይድ ፓርክ እንሄዳለን። ኮርቻውን ዝቅ አድርጌ ከኋላ እይዝላታለሁ።