የኦንጊ ማሰሮ ግድግዳ ያብጥብኛል፣ ግርጌው ይሰነጠቃል

ጥያቄ፦ በኮሪያ ኦንጊ (ምግብ ማብላያ የሸክላ ማሰሮ) ስልት 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የኪምቺ (በጨው የሚብላላ የኮሪያ አትክልት) ማሰሮ እየሠራሁ ነው። ግድግዳው ከመሀል ሲያልፍ ያብጣል፣ ሲደርቅ ግርጌውና ግድግዳው የሚገናኙበት መጋጠሚያ ይሰነጠቃል። ግሌዙስ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆነው ልባስ) ከምን ይሁን?

መልስ 1፦ እብጠቱ ታችኛው ክፍል ሳይጠነክር ላዩ ስለሚጫነው ነው። ኮሪያውያኑ ፍም የያዘ ዕቃ ማሰሮው ውስጥ አንጠልጥለው ግማሹን ካጠነከሩ በኋላ ይቀጥላሉ። ስንጥቁ ግን ከግርጌው ይመጣል። ጭቃው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግርጌው መንኮራኩሩ ላይ ከተጣበቀ መሰብሰብ አቅቶት ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ አመድ ነስንስበት፣ ጭቃውን በደንብ ቀጥቅጠህ ዘርጋ፣ ግድግዳውን ካቆምክ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ከውስጥ ቀጭን ጥቅል ጭቃ ጨምረህ በጣትህ እመቀው። ግድግዳውን ስትመታ የውስጡ ድጋፍ ከውጩ መምቻ ትክክል ፊት ለፊት ይሁን፤ ካልሆነ ጎድጉዶ ይቀራል።

መልስ 2፦ ግሌዙ የእንጨት አመድና ብረት የበዛበት አፈር ነው። በእኩል መጠን ጀምር፣ በወንፊት አጥልል፣ በትንሽ ገል ላይ ሞክር። ያልተተኮሰ ደረቅ ማሰሮ ላይ ይቀባል፤ ሳይደርቅ በጣት ጠረግ ጠረግ ስታደርገው ያ የታወቀው ጌጥ ይወጣል። 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተኩሰው። እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ያለበትን የሚያብረቀርቅ ግሌዝ በፍጹም አትጠቀም፣ የኪምቺ አሲድ እርሳሱን ያወጣዋል።

መልስ 3፦ በኋላ ውጩ ላይ ነጭ ጨው ቢወጣ አትደንግጥ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። በሳሙና አትጠበው፣ የማሰሮው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይመጡታል። ለጌጥ ከሆነ ኮሪያዊው ሸክላ ሠሪ ሊ ካንግህዮ በኦንጊ ቅርጽ ላይ የቡንቾንግ (በነጭ ጭቃ የሚለበስ የኮሪያ ሸክላ ስልት) ነጭ ቀጭን ጭቃ የሚደፋባቸውን ሥራዎች ተመልከት፤ የድሮው ማሰሮ ዛሬ የት እንደደረሰ እዚያ ላይ በደንብ ይታያል።